ስለ አፈር እርሾና ስለ አትክልት እርሻችን

የሰው ልጅ ምግብ እንዲበዛና እንዲሻሻል ለደከሙ ሰዎች በየዓመቱ የሚሰጠው የዓለም የምግብ ሽልማት፤ በ2025 ዓ.ም. ማሪያንጀላ ኡንግሪያ ለሚባሉ ብራዚላዊት ሊቅ ተሰጠ። ይህንኑ ሽልማት በ2009 ዓ.ም. የአገራችን ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ስላስገኙ ተቀብለውት እንደ ነበረ አንባቢዎቻችን አይዘነጉትም። (በዚህ ጽሕፈት ውስጥ በውጭ አገር ስለ ተደረገው ነገር የምንጠቅሰው ዘመን በአውሮጳ አቆጣጠር፤ ስለ አገራችን የምንጠቅሰው ግን በራሳችን አቆጣጠር ነው።) ብራዚላዊቱ ሊቅ የተሸለሙት ግን አዲስ ዘር ወይም አዲስ ማረሻ ስላወጡ አይደለም። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ባክቴሪያ የሚባሉትን፤ በዓይን የማይታዩትንና በአፈር ውስጥ የሚኖሩትን ደቂቃን ፍጥረታት በመመርመር ነው። በብራዚል አገር ከ40 ሚሊዮን ሄክታር በሚበልጥ መሬት ላይ ከሚዘራው አኩሪ አተር የሚበዛው፤ ናይትሮጅን የሚባለውን ምግቡን የሚያገኘው ከፋብሪካ ሳይሆን ከነዚሁ ደቂቃን ሠራተኞች ነው።

ይህ ነገር ስለ ሩቅ አገር የሚነገር ወሬ ብቻ እንዳይመስል ወደ ራሳችን ጎተራ መለስ እንበል። አገራችን እስከ ዛሬ ድረስ ለእርሻዋ የሚያስፈልጋትን የፋብሪካ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ እየገዛች በጅቡቲ ወደብ በኩል ታስገባለች። በ2022 ዓ.ም. በሩሲያና በዩክሬን መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ምን ያህል እንደ ናረ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምትም ማዳበሪያው በጊዜው ስላልደረሰ በብዙ ስፍራ ገበሬው ዝናቡን እያየ እንዴት እንደ ተጨነቀ ገና አልተረሳም። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ፤ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ሊያወጣ የሚችል ፋብሪካ በሶማሌ ክልል በጎዴ ለመሥራት ከናይጄሪያዊው ባለ ሀብት ከአሊኮ ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ውል መፈረሙ የሚያስደስት ነው። ዳሩ ግን እንዲህ ያለ ፋብሪካ በአንድ ሌሊት አይቆምም፤ ከቆመም በኋላ ዩሪያው ከጎዴ እስከ ጎጃም በመኪና መጓዙ፤ ገበሬውም ዋጋውን መክፈሉ አይቀርም። ስለዚህ ከፋብሪካው ጎን ለጎን፤ ደመወዝ ሳይጠይቅ ከመሬት በታች የሚደክመውን ሠራተኛ ማሰብ የተገባ ነው።

የምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 እጁ ናይትሮጅን ነው። አትክልትም ሆነ እህል ቅጠሉ የሚለመልመውና ግንዱ የሚበረታው በዚሁ በናይትሮጅን ነው። ሆኖም ተክሉ ቀንና ሌሊት በአየር ተከቦ ሲኖር ከዚያ አንዲት ቅንጣት እንኳ በራሱ ሊበላ አይችልም፤ ጎተራው ሙሉ ሆኖ ሳለ ቁልፉ ጠፍቶበት እንደሚራብ ባለ ቤት ማለት ነው። በልጅነታችን አራቱን ባሕርያት፤ መሬትን፣ ውሃን፣ ነፋስንና እሳትን ስንማር፤ ነፋስ በእሳት ኀይል ወደ መሬት ሲሳይ የሚለወጥበት ፋብሪካ በዓለም መኖሩን የነገረን አልነበረም። ዩሪያ የሚሠራበት ጥበብ ግን እንደዚያ ነው፤ ከአየር የተወሰደው ናይትሮጅን ከ400 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀትና ከተለመደው የአየር ክብደት ከ150 እጥፍ በሚበልጥ ግፊት ተጨንቆ ከሃይድሮጅን ጋር እንዲዋሐድ ይደረጋል። ይህንኑ ሥራ በባቄላ ሥር ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በደጋው ብርድ፤ ያለ እሳትና ያለ መኪና ይፈጽመዋል።

ገበሬያችን የባክቴሪያን ስም ሳይሰማ ጥቅሙን አውቆት ኖሯል። ጤፍና ስንዴ ዓመት በዓመት የተዘራበት መሬት ሲደክም በማግሥቱ ባቄላ፣ አተር፣ ሽንብራ ወይም ግብጦ ይዘራበታል፤ መሬቱም ያገግማል። ይህ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ዕውቀት ነው። ምክንያቱን ግን የአውሮጳ ሊቃውንትም ቢሆኑ የደረሱበት ዘግይተው ነው። ሄርማን ሄልሪግል የሚባሉ ጀርመናዊ በ1886 ዓ.ም. በበርሊን በተደረገ የሊቃውንት ጉባኤ፤ ጥራጥሬ ከአየር ናይትሮጅን የሚያገኘው በሥሩ ላይ ባሉት እብጠቶች አማካይነት መሆኑን ገለጹ። ከሁለት ዓመት በኋላ ማርቲኑስ ቤይሪንክ የሚባሉ የሆላንድ ሰው ባክቴሪያውን ከእብጠቱ አውጥተው ለብቻው አሳደጉት። እኚህ ሰው በዚያን ጊዜ ይሠሩ የነበረው በደልፍት ከተማ በሚገኝ የእርሾ ፋብሪካ ነበር።

እርሾ የሚለውን ቃል አጥብቀን የያዝነው በከንቱ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ላይ ‹‹ባዮ ፈርቲላይዘር›› የሚል ቃል ተጽፎ እናያለን፤ ይህ ቃል ለሰሚው ምንም አይነግረውም። ከዚህም የባሰ፤ ‹‹ማዳበሪያ›› የተባለ እንደ ሆነ ገበሬው በኩንታል የሚለካ፣ በጆንያ የሚቀመጥ፣ ፀሐይ ቢመታው ግድ የሌለው ነገር ይመስለዋል። እርሾ ቢባል ግን በአገራችን የሚነገረውን ነገር የማያውቅ ቤት የለም። እርሾ ሕያው ነው፤ ጥቂቱ ብዙውን ሊጥ ያቦካል፤ በንጹሕ ዕቃ በጥላ ሲቀመጥ ይኖራል፤ ሲቃጠል ወይም ሲበከል ይሞታል። የቤቲቱ እመቤት እርሾዋ ሲበላሽባት ከጎረቤት ትዋሳለች እንጂ በሞተው እርሾ አታቦካም። የባክቴሪያውም ጠባይ ይኸው ነው። ለአንድ ሄክታር ጥራጥሬ የሚበቃው ግማሽ ኪሎ ያህል ዱቄት ነው፤ ጥቂት ስኳር በተጨመረበት ውሃ ይረጥብና በጥላ ሥር ዘሩ እንዲለብሰው ይታሻል፤ በዚያው ዕለት በእርጥብ አፈር ተዘርቶ ይሸፈናል። በፀረ ፈንገስ መድኃኒት ከታሸ ዘር ጋር መቀላቀል፤ ወይም ከፋብሪካ ማዳበሪያ ጋር በአንድ ዕቃ ማድረግ እርሾውን መግደል ነው።

ሥራው መሠራቱን ለማወቅ ደግሞ ምሁር መጥራት አያስፈልግም። ባቄላው አበባ በያዘ ጊዜ አንዱን እግር ከነአፈሩ በዶማ አንሥቶ፣ አፈሩን በቀስታ በውሃ አጥቦ፣ በሥሩ ላይ ያሉትን ምስር የሚያህሉ እብጠቶች በጥፍር ሰንጥቆ ማየት ነው። ውስጡ እንደ ሥጋ ቀላ ብሎ የታየ እንደ ሆነ ባክቴሪያው በሥራ ላይ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ግን እብጠቱ ቢኖርም ሥራ የለም። ለእጅ መንቀል ግን አይመችም፤ እብጠቶቹ ተበጥሰው በአፈር ውስጥ ስለሚቀሩ ብዙ ሰው ባዶ ሥር አይቶ ይሳሳታል።

በአገራችን በዚህ መንገድ የተጀመረው ሥራ የሚናቅ አይደለም። በሆለታ የግብርና ምርምር ማእከልና በብሔራዊው የአፈር ምርመራ ቤተ ሙከራ ለባቄላ፣ ለሽንብራ፣ ለምስርና ለአኩሪ አተር የሚስማሙት ባክቴሪያዎች ተለይተዋል፤ ለገበሬውም የሚያመርት የግል ኩባንያ ተቋቁሟል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ለጥራጥሬ የሆነ ነው። ዛሬ ጥያቄው ወደ አትክልቱ ደርሷል። በመቂ፣ በባቱና በቆቃ ዙሪያ በመስኖ የሚተዳደረው አትክልተኛ በዓመት ሁለት ጊዜና ከዚያም በላይ ስለሚያመርት መሬቱ ዕረፍት የለውም፤ ለማዳበሪያና ለመድኃኒት የሚያወጣው ገንዘብ ብዙ ነው፤ ስለዚህም ‹‹ምርት የሚያበዛ ባክቴሪያ›› የሚል ጠርሙስ ይዞ ለሚመጣ ነጋዴ ጆሮው ክፍት ነው። ይህን ጽሕፈት ለመጻፍ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር መለየት አለበት። ከአትክልት ወገን ፎሶሊያና እሸት አተር ጥራጥሬዎች ስለ ሆኑ ከላይ የተነገረው ቃል ኪዳን ይደርሳቸዋል፤ ምንም እንኳ የፎሶሊያ ወገን ከባቄላ ይልቅ ከባክቴሪያው ጋር ያለው ስምምነት ደካማ ቢሆን። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ካሮትና ድንች ግን እንዲህ ያለ ቃል ኪዳን የላቸውም፤ በሥራቸው ላይ እብጠት አይበቅልም፤ ባክቴሪያም በውስጣቸው ተቀምጦ የናይትሮጅን ፋብሪካ አይሆንላቸውም። ‹‹ይህን የጨመረ ቲማቲም ዩሪያ አያሻውም›› የሚል ሰው ቢገኝ፤ ወይ አያውቅም ወይ ያታልላል።

ታዲያ ለነዚህ አትክልቶች ባክቴሪያ ምን ይረባቸዋል? ሎሬንትስ ሂልትነር የሚባሉ ጀርመናዊ ሊቅ በ1904 ዓ.ም. በሥር ዙሪያ ያለው አፈር ከሌላው አፈር የተለየ መሆኑን ገልጸው ስም ሰጡት። ሥር ከራሱ ስኳርና ሌላም ፈሳሽ እያወጣ በዙሪያው ያፈስሳል፤ ስለዚህ ደቂቃኑ ፍጥረታት እንደ ድግስ ቤት በዚያ ይሰበሰባሉ። ከተሰበሰቡት ውስጥ አንዳንዱ በልቶ ዝም የሚል ነው፤ አንዳንዱ ሌባ ነው፤ አንዳንዱ ግን ለበላው ዋጋ የሚከፍል ነው። በ1978 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የነበሩ ሁለት ሊቃውንት፤ ጆሴፍ ክሎፐርና ሚልተን ሽሮት፤ ፍጁል በሚባለው አትክልት ሥር ላይ እንዲህ ያሉትን መልካም እንግዶች ፈልገው አገኙ፤ ዕድገቱንም እንደሚያበረቱት አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ባሲለስና ሱዶሞናስ የሚባሉት ሁለት ወገኖች በብዛት ተመርምረዋል።

የሥራቸው አገባብ አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንዶቹ ተክል ለዕድገቱ የሚጠቀምበትን ቅመም ራሳቸው አዘጋጅተው በሥሩ ዙሪያ ያፈስሱለታል፤ ሥሩም ይረዝማል፣ ቅርንጫፉ ይበዛል፤ ያንኑ ውሃና ያንኑ ማዳበሪያ ከሰፊ ቦታ ይሰበስባል። አንዳንዶቹ ቀጭን አሲድ እያወጡ በአፈር ውስጥ ታስሮ የቀረውን ፎስፈረስ ይፈቱታል፤ ገበሬው በገንዘቡ የገዛው ፎስፈረስ ብዙው ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር እየተጣበቀ ለተክሉ ሳይደርስ እንደሚቀር ማወቅ ይጠቅማል። ሌሎቹ በሥሩ ዙሪያ ያለውን ጥቂት ብረት ቀድመው በመሻማት የበሽታውን ደቂቅ ያስርቡታል፤ ወይም የሚገድለውን ቅመም ያወጡበታል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሥሩን ነክተው መላውን ተክል ለመከላከል የሚያዘጋጁት ናቸው፤ ቅጠሉ ገና በሽታ ሳይመጣበት ትጥቁን ይታጠቃል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጥቅም አንድ ላይ ተቆጥሮ ሲታይ ልብን ያነሣሣል። ልብን በሚያነሣሣ ነገር ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። አሊኒት የሚባል፤ ከባሲለስ ወገን የተሠራ ዱቄት በ1897 ዓ.ም. ከአንድ የጀርመን ፋብሪካ ለእህል ተብሎ ለገበያ ቀርቦ ነበር። ብዙ ተወራለት፤ በሌሎች ሰዎች ማሳ ሲፈተን ግን እንደ ተባለው አልሆነም፤ ከገበያም ጠፋ። በባክቴሪያ ላይ ክፋት አልነበረም፤ የተነገረለት ተስፋና የተደረገለት ምርመራ አልተመዛዘኑም እንጂ። ባሲለስ ዳግመኛ የገበሬውን እምነት እስኪያገኝ ድረስ ከዚያ በኋላ ስንት አሥርተ ዓመታት እንዳለፉ ማሰብ ይበቃል።

ለምንድር ነው አንድ ባክቴሪያ በአንዱ ማሳ ሠርቶ በሌላው የማይሠራ? አፈር ባዶ ቤት አይደለም። በአንዲት ግራም ለም አፈር ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ እነርሱም ቦታውን የለመዱ ባለ ርስት ናቸው፤ አዲስ መጤው ከነርሱ ጋር ታግሎ ካልሰፈረ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ደግሞም የአፈሩ ጠባይ አለ። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከመቶው 40 እጅ የሚበልጠው አሲድ የበዛበት እንደ ሆነ ባለሙያዎች ይናገራሉ፤ በእንዲህ ያለው አፈር ኖራ ሳይጨመርበት ባክቴሪያ ማፍሰስ በጭንጫ ላይ ዘር እንደ መዝራት ነው። በአፈሩ ውስጥ ብስባሽ ከሌለ መጤው የሚበላው የለውም። ዩሪያ ያለ ልክ የፈሰሰበትም መሬት ቢሆን ጥራጥሬው ከባክቴሪያው ጋር መስማማቱን ይተዋል፤ የተዘጋጀ ምግብ ሲያገኝ ሠራተኛ ለምን ይቀጥራል?

አሁን ዋናውን ነገር እንናገር። የኛ ፍርሃት ባክቴሪያው አይሠራም የሚል አይደለም፤ ገበሬው የሚገዛው ዕሽግ ውስጥ ባክቴሪያው በሕይወት ላይኖር ይችላል የሚል ነው። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በናይጄሪያ በገበያ የሚሸጡትን እንዲህ ያሉ ነገሮች ሰብስበው የመረመሩ ሊቃውንት፤ ብዙዎቹ ዕሽጎች በላያቸው የተጻፈውን ባክቴሪያ የማይዙ፤ ወይም ጥቂት ብቻ የያዙ፤ ወይም ባልተጠራ ሌላ ባክቴሪያ የተበከሉ ሆነው አገኟቸው። ዩሪያ ሲጭበረበር ገበሬው በዓይኑ ወይም በእጁ ሊያውቀው ይችል ይሆናል። የሞተ ባክቴሪያና ሕያው ባክቴሪያ ግን ሁለቱም ጥቁር ዱቄት ናቸው። ሻጩም እንኳ አያውቀውም፤ ከፋብሪካው በደኅና ወጥቶ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ባለ ሱቅ፤ ከቀትር ፀሐይ ጋር ሦስት ሳምንት ተቀምጦ ሊሞት ይችላልና። ስለዚህ በዚህ ንግድ ውስጥ ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ሳለ ገበሬው ይበደላል።

ብራዚሎች ይህን አስቀድመው አስበውበታል። በሕጋቸው መሠረት ለጥራጥሬ የሚሸጠው የባክቴሪያ ዕሽግ በአንድ ግራም ወይም በአንድ ሚሊ ሊትር ቢያንስ 1,000,000,000 ሕያዋን ባክቴሪያዎች ሊኖሩበት ግዴታ ነው፤ ይህ ልክ መጠበቅ ያለበት ዕሽጉ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ብቻ ሳይሆን የአገልግሎቱ ዘመን እስከሚያበቃበት ቀን ድረስ ነው። እንደ ወይዘሮ ኡንግሪያ ያሉ ሊቃውንት የሚመሰገኑት፤ ከርሳቸውም በፊት በዚያው አገር መንገዱን የጠረጉት ዮሐና ዶበራይነር የሚዘከሩት፤ በቤተ ሙከራ ባገኙት ብቻ አይደለም፤ ከቤተ ሙከራ እስከ ማሳ ያለው መንገድ እንዲጠበቅ በመድከማቸውም ጭምር ነው።

እኛ ዘንድ ፍተሻው አብዛኛውን ጊዜ ዕሽጉ ከመሠራቱ ወይም ወደ አገር ከመግባቱ ጋር ያበቃል። ሊሆን የሚገባው ግን ተቈጣጣሪው በመዝሪያው ወራት፤ ሳይታወቅ ወደ ወረዳው ሱቅና ወደ ማኅበሩ መጋዘን ገብቶ ከመደርደሪያ ላይ እንደ ማንኛውም ገዢ ዕሽጉን ወስዶ እንዲያስመረምር ነው። በዕሽጉ ላይ የባክቴሪያው ስም፣ ቍጥሩ፣ የተሠራበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የሚቀመጥበት ሙቀት፣ ለየትኛው ተክል እንደ ሆነ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ይጻፍ። ሞቶ የተገኘ እንደ ሆነ ወጪው በማን ላይ እንደሚወድቅ፤ በአምራቹ፣ በአጓዡ ወይም በሻጩ፤ በሕግ ይወሰን። ገበሬው የባከነበት ወራት ግን በማንም አይከፈልም፤ ለዚህ ነው ቅድሚያውን ለፍተሻው የምንሰጠው።

በአትክልት በኩል ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። ባቄላ ተቀቅሎ ይበላል፤ ሰላጣና ቲማቲም ግን ሳይበሰሉ ወደ ገበታ ይቀርባሉ። የተበከለ ዕሽግ የሰውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊይዝ ስለሚችል፤ ማንም በጓሮው የበጠበጠውን ፈሳሽ ‹‹የአፈር ባክቴሪያ ነው›› ብሎ በሰላጣ ቅጠል ላይ እንዲረጭ ሊፈቀድ አይገባም። በአፈር ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሁሉ ወዳጅ አለመሆኑንም ከዝንጅብል አምራቾች መማር ይቻላል። በ2004 ዓ.ም. በደቡብ አገራችን ዝንጅብሉን አጠውልጎ ያጠፋው በሽታ ከዚሁ ከአፈር ባክቴሪያ ወገን ነበር። ቲማቲምንና ድንችንም የሚያጠወልግ ዘመድ አለው፤ የጠወለገውን ግንድ ቆርጦ በብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ውስጥ የነከረ ሰው ወተት የመሰለ ክር ከግንዱ ሲወርድ ያያል። እንዲህ ያለው በታየበት ማሳ ወዳጁን ባክቴሪያ ማፍሰስ ብቻውን አያድንም፤ ዘሩን መለወጥና መሬቱን ለዘመዶቹ አትክልቶች መከልከል ይቀድማል።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻችን ይህን ሁሉ ጥርጥር ለገበሬው ብንነግረው ከነጭራሹ እንቢ ይላል፤ ስለዚህ ጥቅሙን ብቻ እንጻፍ ይሉናል። አሳባቸው ከቅንነት የመጣ መሆኑን እናውቃለን፤ ግን አንቀበለውም። ገበሬ የሚጠላው ጥርጥርን አይደለም፤ በየዓመቱ ከሰማይ ዝናብ ጋር በጥርጥር የሚኖር ሰው ነው። የሚጠላው ከተማ ተቀምጦ በርግጠኝነት የነገረውን ሰው፤ ነገሩ ሳይሆን ሲቀር ተመልሶ በማሳው ላይ አለማግኘቱን ነው። እኛም ጋዜጠኞች በዚህ ነገር ነፃ አይደለንም፤ የሙከራውን መጀመሪያ በትልቅ ፊደል አትመን፤ መጨረሻውን ሳንጽፍ የቀረንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይልቅስ ለአትክልተኛው የሚስማማው አጀማመር ትንሽና ርካሽ ነው። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጎመንና ሽንኩርት አስቀድመው በመደብ ላይ ችግኝ ሆነው ስለሚያድጉ፤ ብዙ ሺሕ ተክል በጥቂት ሜትር ስፋት ላይ ይገኛል። እርሾው መስጠት ያለበት በዚያ ነው፤ ዘሩ በሚዘራበት ጊዜ፤ ወይም ችግኙ ወደ ማሳ ሊሄድ ሲል ሥሩን በተበጠበጠው ውሃ በመንከር። ለሰፊው ማሳ ብዙ ዕሽግ ያስፈልግ የነበረው ለመደብ ጥቂት ይበቃዋል፤ ወዳጁም ባክቴሪያ ባለ ርስቶቹ ሳይቀድሙት ሥሩን ይይዛል። ከመደቡ ግን ግማሹ ምንም ሳይነካ መቅረት አለበት። ሁለቱም ችግኞች በአንድ ማሳ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ማዳበሪያና ውሃ፤ ትልም በትልም እየተፈራረቁ ይተከሉ፤ ሲለቀምም ለየብቻ ይመዘኑ። አትክልተኛው በሚዛን ያየውን ልዩነት ማንም ሊያስክደው አይችልም፤ ልዩነት ያላየም እንደ ሆነ ገንዘቡን ይዞ ይቀራል። የግብርና ባለሙያውም ሥራ በዚህ ላይ ምስክር መሆንና የተገኘውን፤ መልካሙንም ክፉውንም፤ ለምርምር ማእከሉ መጻፍ ነው።

የባሲለስ ወገን በዚህ ሥራ አንድ ብልጫ አለው። ክፉ ጊዜ ሲመጣበት ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ሸፍኖ እንደ ዘር ተኝቶ ይቆያል፤ ሙቀትና ድርቀትም ቶሎ አይገድለውም። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ለሌላቸው ስፍራዎች ከሱዶሞናስም ሆነ ከጥራጥሬው ባክቴሪያ ይልቅ ይስማማል። የጥራጥሬው ግን እንዲህ ያለ መሸሸጊያ ስለሌለው መከላከል ያለብን እኛ ነን። የወረዳ መጋዘን ሁሉ ማቀዝቀዣ ሣጥን ይኑረው ብንል ከዛሬ ነገ የሚሆን አይደለም፤ መብራቱም በየቀበሌው አልደረሰም። እስከዚያ ድረስ በሸክላ ሠሪዎቻችን እጅ የተሠሩ ሁለት ማሰሮዎች ይበቃሉ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ትንሹ በትልቁ ውስጥ ይቀመጥና በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ይሞላል፤ ውሃው ሲተን ውስጡ ከውጭው አየር ይቀዘቅዛል፤ ዕሽጎቹም በደንብ ታሽገው በትንሹ ማሰሮ ውስጥ በጥላ ይቀመጣሉ። ውሃውን በየቀኑ የሚጨምርለት ሰው ግን በየመጋዘኑ በስሙ ተለይቶ ሊመደብ ይገባል።